አልቅት ለቀዶ ሕክምና ሲውል፦ አስታማሚ ከኢንፌክሽን ለመጠንቀቅ ደረጃ በደረጃ ምን ያድርግ?

ወንድሜ አረብ አገር እንጨት ሥራ ቤት ውስጥ ይሠራ ነበር። አንድ ቀን መጋዙ አውራ ጣቱን ቆረጠው። ሐኪሞቹ ጣቱን መልሰው ቀጠሉለት። በሁለተኛው ቀን ግን ጣቱ አበጠ፤ ጠቆረ። ሐኪሙ መጥቶ በአረብኛ ብዙ ነገር ነገረው። ከዚያ ሁሉ ወሬ ወንድሜ ጆሮ ውስጥ የገባችው አንዲት ቃል ናት፦ «ዐለቅ»። ወሎ ላደገ ልጅ ይህች ቃል አስተርጓሚ አትፈልግም። የኛው «አልቅት» ዘመድ ናት።

ማታ ለእናታችን ደወለ። «እማ፣ ጣቴ ላይ አልቅት ለጠፉብኝ» አላት። እሷ የምታውቀው አልቅት የላም ጉሮሮ ውስጥ ተጣብቆ ደም የሚያስተፋውን ነው። ስልኩን እጄ ላይ ጣለችው። «አንቺ ልጅ፣ እስቲ ጠይቂው! ልጄን ምን እያረጉት ነው?» አለች። ያን ሌሊት ጎረቤት ተጠርቶ ዱዓ ሲደረግ አደረ።

እኔ ነርስ ነኝ። ተሁለደሬ ውስጥ ጤና ጣቢያ ነው የምሠራው። ከልጆች አፍንጫ አልቅት ሲወጣ ብዙ ጊዜ አይቻለሁ። ሐኪም ራሱ አልቅት ቁስል ላይ ሲያስቀምጥ ግን አላየሁም ነበር። ከዚያ በኋላ አነበብኩ፤ የቀዶ ሐኪሞችን ጠየቅሁ። ወንድሜ በመጨረሻ የጣቱን ጫፍ አጣ። ያሳጣው የአልቅቱ ንክሻ አይደለም። አልቅቱ በሆዱ ይዞት የመጣው ባክቴሪያ ነው። እንዴት እንደሆነ ወደ ኋላ እነግራችኋለሁ።

ከወሎ ስንቱ ቤት ልጁ አረብ አገር ነው። እንዲህ ያለ ስልክ ወደ እናንተም ቤት ሊመጣ ይችላል። ያኔ የሚያደርጉት ነገር እንዲኖራችሁ ይህን ጻፍኩ።

መጀመሪያ፦ አልቅቱ ለምን እንደተቀመጠ ተረዱ

ደም ወደ ጣት የሚገባው በደም ቅዳ ነው። የሚመለሰው በደም መልስ ነው። ደም መልሶች ግድግዳቸው ስስ ነው፤ ለመስፋት ያስቸግራሉ። አንዳንዴ ጣት ሲቀጠል ደሙ ይገባል፣ መውጫ ግን ያጣል። የወረኢሉ ወይም የጃማ ገበሬ ይህን ሳይነገረው ይገባዋል። ዋልካ መሬት ላይ ውሃ ሲተኛ ቡቃያው ይሞታል። ስለዚህ ማጠንፈፊያ ቦይ ይወጣለታል።

አልቅቱ ያ ቦይ ነው። አንዱ አልቅት በአንድ ጊዜ ከ5 እስከ 15 ሚሊ ሊትር ደም ይጠጣል። ቢበዛ አንድ የሾርባ ማንኪያ ማለት ነው። ዋናው ጥቅሙ ግን እሱ አይደለም። ምራቁ ውስጥ ሂሩዲን የሚባል ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ንጥረ ነገር አለ። አልቅቱ ከወደቀ በኋላም የነከሰው ቦታ ለሰዓታት ደም ያንጠባጥባል። በዚህ መሀል ሰውነት አዳዲስ ደም መልሶችን ያበቅላል። ብዙ ጊዜ ሕክምናው ለጥቂት ቀናት፣ እስከ ሳምንት ገደማ ይቀጥላል።

ይህ የጠንቋይ ሥራ አይደለም። በአልቅት ውስጥ ደም እንዳይረጋ የሚያደርግ ነገር እንዳለ የታወቀው ከፈረንጆቹ 1884 ጀምሮ ነው። በፈረንጆቹ 1985 ቦስተን ውስጥ የአንድ ሕፃን ጆሮ ተቆርጦ ሲቀጠል አልቅት ረድቷል። አሜሪካ ደግሞ በፈረንጆቹ 2004 አልቅትን እንደ ሕክምና መሣሪያ ቆጥራ ለገበያ ፈቅዳለች። እናታችሁ ከደነገጠች ይህን ንገሯት። አብሽሩ በሏት። ከዚያ ወደሚቀጥለው እለፉ፤ አደጋው ያለው እዚያ ነውና።

ጀርሙ የት እንዳለ እወቁ

አልቅት ደምን ብቻውን መፍጨት አይሆንለትም። ሆዱ ውስጥ የሚያግዙት ባክቴሪያዎች አሉ። ዋናው ኤሮሞናስ ይባላል። ለአልቅቱ ወዳጅ ነው። የሰው ቁስል ውስጥ ሲገባ ግን ጠላት ነው።

ይህን ልብ በሉልኝ። ብዙ ሰው «ንጹሕ አልቅት ከሆነ ምን ችግር አለው?» ይላል። ለሕክምና ተብሎ በልዩ ማርቢያ ያደገው አልቅትም ኤሮሞናስን በሆዱ ይዟል። ውጪውን ብታጥቡት፣ ውሃውን ብትቀይሩለት ሆዱ ውስጥ ያለው አይወጣም። ስለዚህ ከኢንፌክሽን የሚያድነው አልቅቱን ማጠብ ሳይሆን ለታማሚው ቀድሞ መድኃኒት መስጠት ነው።

የተለያዩ ሆስፒታሎች ባወጧቸው ዘገባዎች፣ አልቅት ከተቀመጠላቸው ታማሚዎች ከ2 እስከ 20 በመቶ የሚሆኑት ኢንፌክሽን ይይዛቸዋል። ኢንፌክሽኑ በመጀመሪያው ቀን ሊነሳ ይችላል። ከሳምንት፣ ከሁለት ሳምንት በኋላም ሊነሳ ይችላል። ሲነሳ ደግሞ የተቀጠለው ሥጋ የመትረፍ ዕድሉ በጣም ይቀንሳል። ሲብስ ወደ ደም ይገባል። ያኔ ጥያቄው የጣት መሆኑ ይቀርና የሕይወት ይሆናል።

አልቅቱ ከመቀመጡ በፊት ጠይቁ

አስታማሚ ብዙ ጊዜ ዝም ይላል። ሐኪም መጠየቅ እንደ ድፍረት ይመስለዋል። በዚህ ጊዜ ግን አትፈሩ። አገራችሁ ሆናችሁ በስልክ የምትረዱ ከሆነም ታማሚው እንዲጠይቅ ምከሩት፤ ወይም ቋንቋ የሚችል ጓደኛው ይጠይቅለት።

የመጀመሪያው ጥያቄ ይህ ነው፦ «የኢንፌክሽን መከላከያ አንቲባዮቲክ ተጀመረለት?» መጀመር ያለበት አልቅቱ ከመቀመጡ በፊት ነው። አልቅት እስካለ ድረስም ይቀጥላል። ካበቃ በኋላ ለምን ያህል ጊዜ እንደሚቀጥል ሐኪሙ ይወስናል።

ሁለተኛው፦ «የትኛው መድኃኒት?» እዚህ ላይ እኛ አገር የለመድነው ነገር ያሳስተናል። ለጉሮሮም ለጥርስም አሞክሳሲሊን እንውጣለን። ኤሮሞናስ ግን በተፈጥሮው አሞክሳሲሊንን ይቋቋማል። ሐኪሞች በብዛት የሚመርጡት እንደ ሲፕሮፍሎክሳሲን፣ ሴፍትሪያክሶን ወይም ኮትሪሞክሳዞል ያሉትን ነው። ሲፕሮን የተላመደ ኤሮሞናስም ተገኝቷል። ስለዚህ ጠንቃቃ ሆስፒታል የአልቅቱን ውሃ ወይም አልቅቱን ራሱን ካልቸር ያደርጋል፤ ማለትም ጀርሙን ላብራቶሪ ውስጥ አሳድጎ ይመረምራል። የትኛው መድኃኒት እንደሚገድለው ቀድሞ ያውቃል። «ካልቸር ተሠርቷል ወይ?» ብሎ መጠየቅ ነውር አይደለም።

ከዚያ ስለ ታማሚው ያላችሁን ሁሉ ተናገሩ። መድኃኒት የሚያስቆጣው ከሆነ። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት የሚወስድ ከሆነ። ስኳር፣ የጉበት ሕመም ወይም የሰውነት መከላከያን የሚያዳክም ነገር ካለበት። ነፍሰ ጡር ከሆነች። እነዚህ ሁሉ ውሳኔውን ይለውጣሉ። የሰውነት መከላከያው በጣም ለደከመ ሰው አልቅት ጨርሶ ላይመከር ይችላል።

ሲቀመጥ ምን ተመልከቱ

ማስቀመጡ የነርስ ሥራ ነው። እናንተ እጃችሁን አታስገቡ። ዓይናችሁን ግን አትንቀሉ።

ነርሷ ጓንት ታደርጋለች። ቆዳውን ሽታ በሌለው ነገር፣ ብዙ ጊዜ በሳላይን (ንጹሕ የጨው ውሃ) ታጸዳለች። ሽቶና ቅባት ካለ አልቅቱ አይነክስም። ስለዚህ ቅቤም ሆነ ቫዝሊን አትቀቡ። በአካባቢው ጎዝ (የቁስል ጨርቅ) ትደረድራለች። አልቅት ተንቀሳቃሽ ነው፤ ካልተጠበቀ ወደማይፈለግ ቦታ ይሄዳል። ቁስል ውስጥ ወይም አፍንጫና አፍ ሊገባም ይችላል። ስለዚህ ስንት እንደገባና ስንት እንደወጣ ይቆጠራል። አብራችሁ ቁጠሩ። ሌሊት ነርሷ ብቻዋን ስትሆን የእናንተ ዓይን ይረዳታል።

አልቅቱ ሲጠግብ ራሱ ይወድቃል። ግማሽ ሰዓት ሊፈጅ ይችላል፤ አንዳንዴ ከሰዓት በላይ። አትጎትቱት። ጨው አትነስንሱበት። እሳት አታስጠጉት። ይህን አጥብቄ የምለው በምክንያት ነው። አልቅት ሲጨነቅ የሆዱን ወደ ቁስሉ ሊያስመልስ ይችላል። ያ የሆድ ዕቃ ደግሞ ኤሮሞናስ የሞላበት ነው። ጥርሱም ቆዳ ውስጥ ሊቀር ይችላል።

የወደቀው አልቅት በአልኮል ተገድሎ እንደ ሕክምና ቆሻሻ ይወገዳል። ለሌላ ሰው በፍጹም አይሰጥም። የአንዱ ሰው ደም ሆዱ ውስጥ ነውና የጉበት ቫይረስም ኤች አይ ቪም ሊያስተላልፍ ይችላል። «ይቆይ፣ ነገ እንጠቀምበታለን» የሚል ሰው ካያችሁ የክፍሉን ኃላፊ ጥሩ።

ደሙ ሲንጠባጠብ አትደንግጡ፣ ግን ለኩ

ደሙ ለሰዓታት ቢንጠባጠብ የታሰበ ነው። በየቀኑ ብዙ አልቅት ሲቀመጥ ግን ድምሩ ትልቅ ይሆናል። ደም ማነሱን የሚያሳየው ሄሞግሎቢን በየጊዜው መለካት አለበት። ማዞር፣ የልብ ምት መፍጠን፣ የዓይን ሥር መንጣት ካለ ተናገሩ። ደም መስጠት ሊያስፈልግ ይችላል። ቤት እንደለመድነው ቡና መነስነስ የለም። ቡናው ደሙን ቢያቆም እንኳን ጀርም ይዘራል።

ኢንፌክሽን መጣ ወይስ ደም ተኛ? ልዩነቱን እወቁ

ሁለቱ ይምታታሉ። ደም ሲተኛ ጣቱ ወደ ብልዝና ጥቁር ይሄዳል፤ ያብጣል። በተለይ አልቅት ሲቀመጥለት ቀለሙ ይሻሻላል። ኢንፌክሽን ሲሆን ግን ቆዳው ይቀላል። ቅላቱ ከተቀጠለበት ቦታ አልፎ ወደ እጁ ይወጣል። ይሞቃል። ሕመሙ መቀነስ ሲገባው ይጨምራል። ፈሳሹ ይደፈርሳል፤ መግል ይሆናል፤ መጥፎ ሽታ ያመጣል። ስፌቱ ይላላል። ታማሚው ብርድ ብርድ ይለዋል፤ ያተኩሰዋል።

እኔ የምመክረው ቀላል ዘዴ አለ። ቅላቱ ያለበትን ጠርዝ በእስክሪብቶ አስምሩበት። ሰዓቱንም አጠገቡ ጻፉ። ከጥቂት ሰዓት በኋላ ቅላቱ መስመሩን ካለፈ ኢንፌክሽኑ እየሮጠ ነው። በየቀኑም በስልክ ፎቶ አንሱ፤ በአንድ ብርሃን፣ በአንድ አቅጣጫ። ወንድሜ ፎቶ ይልክልኝ የነበረው ሲመቸው ብቻ ነው። አንዱ በመብራት፣ አንዱ በፀሐይ። በዚያ መለየት አልቻልኩም። ያ እስከ ዛሬ ይቆጨኛል።

ቆዳው ላይ ውሃ የቋጠረ ነገር ከወጣ፣ ወይም ስትጫኑት እንደ ደረቅ ቅጠል ከተንኮሻኮሸ፣ እስኪነጋ አትጠብቁ። ሐኪሙን ያኔውኑ አስጠሩ። ቁስሉ መከፈትና መጽዳት ሊኖርበት ይችላል። መድኃኒቱም በካልቸር ውጤት መሠረት ይቀየራል።

የወንዝ አልቅት ቁስል ላይ አታስቀምጡ

ወንድሜ በአልቅት መታከሙ ሰፈር ውስጥ ሲሰማ አንድ ጎረቤታችን ወደ እኔ መጣ። እግሩ ላይ የቆየ ቁስል አለበት። «እቴ፣ እዚህ ረግረጉ ላይ ሞልቶ የለም እንዴ? እኔም ላስቀምጥ?» አለኝ። በቅን ልቡ ነው የጠየቀው። መልሴ ግን አንድ ነበር፤ አይሆንም።

የኛ የምንጭና የረግረግ አልቅት ለሕክምና የሚውለው ዘር አይደለም። እኛ ዘንድ የሰውና የከብት ጉሮሮ ውስጥ የሚገባው ሌላ ነው። ማን ላይ ተጣብቆ እንደነበር፣ የምን ደም እንደጠጣ አይታወቅም። የሚኖርበትም ውሃ ከብት የሚረግጠው ነው። ከዚህም በላይ፣ ሆስፒታል ያለው አልቅት አንቲባዮቲክ፣ ካልቸርና ደም መለኪያ ታጅቦ ነው የሚቀመጠው። እነዚህ በሌሉበት የሚቀረው አደጋው ብቻ ነው።

ዋግምትና ሒጃማ በሚሠሩ ቤቶች አልቅትም ጨምረው የሚያስተዋውቁ አሉ። ለደም ብዛት፣ ለሪህ፣ ለስኳር ይላሉ። በተለይ የስኳር ታማሚ እግሩ ላይ አልቅት ማስቀመጥ የለበትም። እግሩን እስከ መቆረጥ ሊያደርሰው ይችላል።

አልቅት ቆዳችሁ ላይ ከተጣበቀ ግን እንዲህ አድርጉ። ቀጭኑ ጫፍ አፉ ነው። ጥፍራችሁን ከቆዳው ጋር አስተኝታችሁ ከአፉ ሥር አንሸራትቱ። ሲላቀቅ በወፍራሙ በኩል ያለውንም እንዲሁ አላቁ። አርቃችሁ ጣሉት። ቁስሉን በሳሙናና በንጹሕ ውሃ እጠቡ፤ በንጹሕ ጨርቅ ተጭናችሁ ያዙ። ከቀላ፣ ካበጠ ወይም መግል ከያዘ ጤና ጣቢያ ኑ። «አልቅት ነክሶኝ ነው» በሉ።

አፍንጫ ወይም ጉሮሮ ውስጥ ከገባ ቤት ውስጥ አትታገሉት። ለከብት የሚደረገውን የትንባሆ ውሃ ለልጅ አታጠጡ፤ ይመርዛል። ልጁ ደም የሚተፋ ከሆነ፣ ድምፁ ከጎረነነ፣ ወይም ትንፋሹ ካጠረው ባጃጅም ይሁን መኪና ያገኛችሁትን ይዛችሁ ሩጡ። የአንገት በላይ ሐኪም ያለበት ሆስፒታል ቢሆን ይመረጣል። ለወደፊቱ የምንጭ ውሃ በንጹሕ ነጠላ አጥልሉ፤ ብታፈሉት ደግሞ የበለጠ ነው።

ከሆስፒታል ሲወጣ

አሁን ወደ ወንድሜ ልመለስ። ሆስፒታል እያለ ሁሉም ነገር ጥሩ ሄዶለት ነበር። ጣቱ ቀላ፤ ሞቀ፤ ሕይወት ዘራ። በስምንተኛው ቀን ወጣ። ለተወሰኑ ቀናት የሚዋጥ መድኃኒት ተሰጥቶት ነበር። መድኃኒቱ ሆዱን አመመው። ሦስት ቀን ሲቀረው ተወው። አብሮት የሚያድር ልጅ አዘነለት። ሻንጣው ውስጥ ከአገር ይዞት የሄደ አሞክሳሲሊን ነበር። «ይሄ ይሻልሃል፣ ሆድ አያምም» ብሎ ሰጠው። ወንድሜም በደስታ ወሰደ። ለእኔ አልነገረኝም። እኔም አልጠየቅሁትም።

ከአምስት ቀን በኋላ ጣቱ መሽተት ጀመረ። ተመልሶ ገባ። ካልቸሩ ኤሮሞናስ አለ። ሐኪሞቹ አጸዱት፤ መድኃኒት ለወጡ። እጁ ተረፈ። የጣቱ ጫፍ እስከ ጥፍሩ ሥር ድረስ ተቆረጠ። ዛሬ ተሁለደሬ ነው። መዶሻ ይይዛል፤ ቁልፍ ለመቆለፍ ግን ይቸገራል።

ስለዚህ ታማሚው ከሆስፒታል ሲወጣ የመድኃኒቱን ስም፣ መጠኑንና ስንት ቀን እንደሚወሰድ በወረቀት ያስጽፍ። ፎቶ አንስቶ ለቤተሰብ ይላክ። ሆድ ካመመው ሐኪሙን ይጠይቅ፤ በራሱ አያቁም፤ የጓደኛም አይውሰድ። እናንተ ደግሞ በየቀኑ ስትደውሉ «እንዴት ነህ?» ብቻ አትበሉ። «ዛሬ የትኛውን ክኒን ዋጥክ? ስንት ቀረህ?» በሉት። ከወጣ በኋላ ባሉት ሳምንታት ቁስሉን አሳየኝ በሉት።

አገር ከገባ በኋላ ቁስሉ ቢያስጠረጥራችሁ ወደ ደሴ ወይም ወደ ወልድያ ሆስፒታል ይዛችሁ ሂዱ። የመጣበትን ወረቀት ያዙ። ወረቀቱ በአረብኛ ቢሆን፣ ተረኛው ሐኪም ላያነበው ይችላል። ስለዚህ ገና ከበሩ ስትገቡ በአማርኛ ተናገሩ፦ «ጣቱ ተቀጥሎ አልቅት ተቀምጦለት ነበር። እስከዚህ ቀን ድረስ ይህን መድኃኒት ወስዷል። ካልቸር ይሠራለት።»